የኪራይ ቤት ገቢ ሐላል የሚሆነው ኃላፊነቱን ለተሸከመ ነው

ከሞጆ ተነስቶ በመቂ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወርደውን መንገድ የተጓዘ ሰው፣ ባቱን (የቀድሞዋን ዝዋይን) አልፎ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች እንደሄደ አዳሚ ቱሉን ያገኛታል። ስሟ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ እንደማለት ነው። አገር የሚያውቃት በፀረ ተባይ ማምረቻ ፋብሪካዋና በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ግን ለብዙ ቤተሰብ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ስለሆነው ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ኪራይ ቤት።

እንደሚታወቀው በባቱ ዙሪያ የአበባ እርሻ ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ተስፋፍቷል። ሼር ኢትዮጵያ የተባለው ድርጅት ከ10 ሺህ በላይ ሠራተኞች ያሉት ሆኖ አድጓል። ወደ ደቡብ ወረድ ሲባል ደግሞ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡልቡላ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይገኛል። እንጀራ ፍለጋ ወደ እነዚህ ከተሞች የሚመጣው ወጣት አብዛኛው ቤት ሠርቶ የሚገባ አይደለም፤ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ነው። ሁለትና ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል የሚጋሩ ሴት ልጆችም ብዙ ናቸው። በመሆኑም አስተማሪው፣ ነጋዴው፣ ጡረተኛው፣ ልጇ ዐረብ አገር የሄደችባት እናት፣ ጥቂት ገንዘብ በእጃቸው ሲገባ የሚያስቡት በግቢያቸው ውስጥ ስድስት ወይም ስምንት ክፍል ደርድሮ ማከራየትን ነው። በአዳማም፣ በሞጆም፣ በሻሸመኔም ያለው ሐሳብ ይኸው ነው።

ሐሳቡ መልካም ነው። ሸሪዓችን ኪራይን፣ በፊቅህ ስሙ ኢጃራን፣ ፈቅዷል። ሆኖም አንድ ሙስሊም ለኪራይ የሚሆን ቤት ሲያስብ ሦስት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። ቤቱ የሚሠራው በምን ገንዘብ ነው? አደጋ ቢደርስበት ጉዳቱን ማን ይሸከማል? በውስጡ የሚኖረውስ ሰው እንዴት ይያዛል? ሦስቱ ጥያቄዎች ለየብቻ የቆሙ ይመስላሉ። በእኛ አስተያየት ግን መልሳቸው ከአንድ ሥር የሚመነጭ ነው።

ሥሩ የትኛው ነው?

ገንዘቡን በወለድ ያበደረ ሰው በየወሩ ገቢ ያገኛል። ቤቱን ያከራየም ሰው በየወሩ ገቢ ያገኛል። ታዲያ አንዱ ሐራም ሌላው ሐላል የሆነበት ምክንያት ምንድን ነው? የፊቅህ ሊቃውንት ከሐዲስ የተወሰደውን «አል-ኸራጅ ቢድ-ደማን» የተባለውን መርሕ ይጠቅሳሉ። ፍሬ ሐሳቡም ከአንድ ነገር የሚገኘው ጥቅም የሚገባው የዚያን ነገር ጥፋትና ጉዳት ለተሸከመ ሰው ነው የሚል ነው። አከራዩ ቤቱ ቢፈርስ የሚፈርሰው የእርሱ ሀብት ነው። ጣራው ቢያፈስ የሚጠግነው እርሱ ነው። ተከራይ ቢጠፋ ገቢው ይቀርበታል። ወለድ አበዳሪ ግን ተበዳሪው ቢያተርፍም ቢከስርም፣ ቤቱ ቢቆምም ቢፈርስም፣ ገንዘቡን ከነጭማሪው ይጠይቃል።

ስለሆነም ኪራይን ከወለድ የሚለየው ስሙ ሳይሆን ኃላፊነቱ ነው። ኃላፊነቱን ሁሉ በተከራዩ ትከሻ ላይ አራግፎ ኪራዩን ብቻ መያዝ የሚሻ ባለቤት ስሙ አከራይ ይሁን እንጂ ሥራው ወደ ወለድ አበዳሪው ይጠጋል። የሚከተለውን ሁሉ የምንመለከተው በዚህ ሚዛን ነው።

በቅድሚያ፦ የምንገዛው ምንድን ነው?

በአገራችን የከተማ ቤት ታሪክ ውስጥ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ትልቅ ቦታ አለው። በዚያን ወቅት የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተተወለት፤ ለኪራይ የተሠራው ትርፍ ቤት፣ መስጊዶች በወቅፍ ይዘዋቸው የነበሩ ቤቶች ጭምር፣ ተወሰደ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ኪራዩም ተቀነሰ፤ ከዚያም ለአሠርት ዓመታት ባለበት ቆመ። ለድሃው ተከራይ እፎይታ እንደነበር አይካድም። ነገር ግን ገቢው ጥገናውን ስለማይሸፍን የብዙ ቀበሌ ቤቶች ጣራ ዛገ፣ ግድግዳቸውም አዘመመ። ከዚህ የምንማረው ኃላፊነቱን የሚሸከም ሰው ያጣ ቤት እንደሚፈርስ፣ ጥገናውን የማይሸፍን ኪራይም ውሎ አድሮ ቤቱን ራሱን እንደሚበላው ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የግል ንብረትን መብት አረጋግጧል፤ መሬትን ግን የመንግሥትና የሕዝብ አድርጎታል። ስለዚህ ማንም ሰው የሚገዛው ግንባታውንና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለመኖሪያ ቤት የ99 ዓመት የሊዝ ዘመን አስቀምጧል። ገዢ የሆነ ወንድም ወይም እህት ብር ከመቁጠሩ በፊት አራት ነገሮችን ማጣራት ይኖርበታል፦ ካርታው በማን ስም ነው? ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ አለበት ወይ? በባንክ መያዣ ተይዟል ወይ? የፍርድ ቤት እግድ አለበት ወይ? ካርታ የሌለው ግቢ በዋጋው ርካሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ባንክ አይቀበለውም፤ ሲፈርስም ካሳ መጠየቅ ያስቸግራል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ከሁሉም የሚቀለው መንገድ በራስ ቁጠባ ደረጃ በደረጃ መሥራት ነው። ዘንድሮ ሁለት ክፍል፣ የእነርሱን ኪራይ አጠራቅሞ በሚቀጥለው ዓመት ሦስተኛውን። ቀስ ያለ ቢሆንም የማንም ዕዳ የለበትም።

ሁለተኛው ዕቁብ ነው። ዕቁብ በመሠረቱ ሰዎች ተራ በተራ ያለ ጭማሪ የሚበዳደሩበት ነው። የሳዑዲ ዐረቢያ የታላላቅ ዑለማ ምክር ቤት በ1410 ሒጅራ ተመሳሳይ የሆነውን የሠራተኞች የገንዘብ ማኅበር በአብላጫ ድምፅ ፈቅዷል። ነገር ግን በእኛ ከተሞች ዕጣ የመሸጥ ልማድ አለ። 200 ሺህ ብር የደረሰው ሰው ቸኩሎ ለሚፈልግ ሰው ተራውን በ10 ሺህ ብር ይለቅለታል። ገንዘብን በገንዘብ አብልጦ መለወጥ በመሆኑ፣ ይህ ንጹሑን ዕቁብ በወለድ የሚያቆሽሽ ነው። ተራን በነጻ መለዋወጥ ግን ችግር የለበትም።

ሦስተኛው ብዙ ሰው ሳያስተውል የሚገባበት ወለድ አገድ ነው። ባለቤቱ 300 ሺህ ብር ይበደራል፤ አበዳሪውም ገንዘቡ እስኪመለስለት ድረስ በቤቱ ያለ ኪራይ ይኖርበታል፤ ወይም ለሌላ አከራይቶ ኪራዩን ይበላል። በወረቀቱ ላይ ወለድ የሚል ቃል አይታይም። ነገር ግን ብድሩ ሳይቀንስ ኪራዩ የሚበላው ብድሩ ያስገኘው ጥቅም ነው። ለአበዳሪው ጥቅም የሚስብ ብድር ደግሞ በፉቀሃዎች ዘንድ ወለድ ነው። ይህን ውል ማስተካከል ለፈለገ ሰው መንገዱ ቀላል ነው፤ ትክክለኛው የወር ኪራይ ተቆርጦ በየወሩ ከዕዳው ይቀነስለታል።

አራተኛው ባንክ ነው። ለረጅም ዘመን በአገራችን የነበረው አማራጭ በወለድ የሚሰጠው የመያዣ ብድር ብቻ ነበር። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሙስሊም እንኳ ቀሪውን ክፍያ በወለድ ብድር ለመፈጸም ይገደድ ስለነበር ብዙዎች በጭንቀት ተይዘው እንደነበር የሚዘነጋ አይደለም። ከእምነቱ ጉዳይ ሌላ የመያዣ ብድር ዓለማዊ አደጋም አለበት። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለው፣ ከ30 ቀን ያላነሰ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ የፍርድ ቤት ክርክር ሳያስፈልገው በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል።

ዛሬ ግን አልሐምዱሊላህ ሁኔታው ተለውጧል። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 መደበኛ ባንኮች ከወለድ ነጻ መስኮት እንዲከፍቱ ፈቀደ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ የማቋቋም ፈቃድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ከብዙ ዓመታት ጥበቃ በኋላ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ፣ ሸበሌና ራሚስ ባንኮችም ተከተሉት።

በእነዚህ ባንኮች አሠራር ለቤት የሚሆኑት ውሎች ሦስት ናቸው። በሙራበሃ ባንኩ ዕቃውን፣ ለምሳሌ ሲሚንቶውን፣ ብረቱንና ቆርቆሮውን፣ መጀመሪያ ለራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ አሳውቆ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጥለታል፤ አንዴ የተቆረጠው ዋጋ በመዘግየት ምክንያት አይጨምርም። በኢጃራ ባንኩ ቤቱን ይዞ ያከራያል፤ በመጨረሻም ባለቤትነቱን ያስተላልፋል። በሙሻረካ ሙተናቂሳ ደግሞ ባንኩና ደንበኛው ቤቱን በጋራ ይይዛሉ፤ ደንበኛው ለባንኩ ድርሻ ኪራይ እየከፈለ ድርሻውን ጥቂት በጥቂት ይገዛዋል።

ወደ ባንክ የሚሄድ ሰው «ከወለድ ነጻ» የሚለውን ሰሌዳ አይቶ መርካት የለበትም። ሥሩን መጠየቅ አለበት። ባንኩ ዕቃውን ከመሸጡ በፊት በእርግጥ የራሱ አድርጎታል ወይ? በኢጃራው ዘመን ቤቱ ያለ ደንበኛው ጥፋት ቢወድም ኪራዩ ይቆማል ወይ? ዋናውን ጥገና የሚሸከመው ማን ነው? ለመዘግየት የሚከፈለው ቅጣት ወደ ባንኩ ትርፍ ይገባል ወይስ ለበጎ አድራጎት ይውላል? ባሕሬን የሚገኘው የእስላማዊ ፋይናንስ ተቋማት የሒሳብና ኦዲት ድርጅት (አዮፊ) ስለ ኢጃራ ባወጣው መመዘኛ ቤቱን ለአገልግሎት ብቁ አድርጎ የሚያቆየው ዋና ጥገና በአከራዩ ላይ መሆኑን ደንግጓል። ባንክም ቢሆን አከራይ እስከሆነ ድረስ ከዚህ ደንብ አያመልጥም።

ስሌቱን በወረቀት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክፍሎቹን በኪራዩ አባዝቶ ገቢዬ ይኸው ነው ሲል ነው። ለምሳሌ ያህል ስምንት ክፍል ያለው ግቢ እናስብ። እያንዳንዱ በወር 2,000 ብር ቢከራይ በወር 16,000፣ በዓመት 192,000 ብር ይሆናል። ክፍሎቹ በአማካይ በዓመት አንድ ወር ባዶ ይሆናሉ ብንል 16,000 ብር ይቀነሳል። ለጥገና ከዓመቱ ኪራይ አንድ አሥረኛውን፣ 19,200 ብር፣ እንመድብ። ለመድን፣ ለቤትና ቦታ ግብርና ለልዩ ልዩ ወጪ 12,000 ብር ብንል፣ ከገቢ ግብር በፊት የሚቀረው 144,800 ብር ነው። ይህም በወር ወደ 12,000 ብር ገደማ ይሆናል። የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ 10,000 ብር ከሆነ ቤቱ ራሱን ይችላል። 14,000 ብር ከሆነ ግን ባለቤቱ በየወሩ ከኪሱ እየጨመረ ይኖራል፤ 16,000 ሲል ያየው ገቢ አታሎታል ማለት ነው።

በባቱና በአዳሚ ቱሉ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ይታሰባል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት በሆላንድ አልስሜር ያለው የአበባ ገበያ ዋጋው በድንገት ወደቀ፤ አበባም በገፍ ተጣለ። አበባው እዚያ ሲወድቅ የሥራ ዋስትና የሚናጋው እዚህ ነው። ተከራዮቹ በሙሉ ከአንድ የሥራ ዘርፍ የሚኖሩበት ግቢ ያ ዘርፍ ባስነጠሰ ቁጥር ያስነጥሳል። ስለዚህ ቢያንስ የሦስት ወር የባንክ ክፍያ የሚሸፍን ተቀማጭ ሳይይዙ ዕዳ ውስጥ መግባት አይመከርም። ክፍሎቹንም ለእርሻ ሠራተኛ ብቻ ሳይሆን ለአስተማሪ፣ ለጤና ባለሙያና ለሱቅ ጭምር የሚሆኑ አድርጎ መሥራት ይጠቅማል።

መድንን በተመለከተ

የእስላማዊ ጉባኤ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1985 በጂዳ ባደረገው ሁለተኛ ስብሰባ ቋሚ አረቦን የሚከፈልበት የንግድ መድን በውስጡ ባለው ከባድ ገረር፣ ማለትም የማይታወቅ ነገርን በመሸጥ፣ ምክንያት የተከለከለ መሆኑን ወስኗል። በምትኩም በመረዳዳትና በተበሩዕ ላይ የተመሠረተውን የኅብረት መድን አማራጭ አድርጎ አሳይቷል። በሱዳን ተካፉል አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ተጀምሮ ነበር።

የተካፉልን አሠራር ዕድርን የሚያውቅ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። አባላት መዋጮ ወደ አንድ ቋት ያስገባሉ፤ ጉዳት የደረሰበት ከቋቱ ይካሳል። ድርጅቱ የቋቱ ባለቤት ሳይሆን ወኪል ሆኖ ለሥራው ክፍያ ይወስዳል። ቋቱ ላይ ትርፍ ከተገኘ የአባላቱ ነው፤ ቢጎድል ባለ አክሲዮኖቹ ያለ ወለድ ያበድሩታል። እዚህም ያው ሥር ይታያል፤ አደጋው አልተሸጠም፣ ወንድማማቾች በጋራ ተሸከሙት እንጂ። በአገራችን ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2020 የተካፉል መመሪያ አውጥቷል፤ ከዚያ ወዲህም የተካፉል መስኮት የከፈቱ የመድን ኩባንያዎች አሉ።

ነገር ግን ፖሊሲውን ሳያነቡ መፈረም አያዋጣም። መነበብ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው መጠኑ ነው። የንግድ ሕጋችን የንብረት መድን የደረሰን ጉዳት መካሻ እንጂ ማትረፊያ እንዳልሆነ ይደነግጋል፤ ቤቱ ከሚያወጣው በላይ አይካስም። በሌላ በኩል አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጣውን ቤት መዋጮ ለመቆጠብ በግማሽ ያስመዘገበ ሰው፣ ሲቃጠልበት በደረሰው ጉዳት ልክ ሳይሆን በግማሹ ሊካስ ይችላል። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ በየዓመቱ ስለሚለወጥ ግምቱም በየዓመቱ መታደስ አለበት።

ሁለተኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መኖራችንን መርሳት አይገባም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው መንቀጥቀጥ ነዋሪዎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል፤ ንዝረቱ አዳማና አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። የእሳት ፖሊሲ ግን በተጨማሪ ክፍያ ካልተስፋፋ በስተቀር መንቀጥቀጥን ላይሸፍን ይችላል። ሦስተኛው ሁከት ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በሻሸመኔ በደረሰው ሁከት የብዙ ዜጎች ቤት፣ ሱቅና ሆቴል ተቃጥሏል። የዕድሜ ልክ ድካማቸው በአንድ ቀን አመድ የሆነባቸው ነበሩ። በመደበኛ የእሳት ፖሊሲ ሁከትና የፖለቲካ ብጥብጥ ብዙውን ጊዜ ከሽፋኑ ውጪ ናቸው፤ ራሱን የቻለ ሽፋን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከመድን የሚቀድመው ደግሞ ጥንቃቄ ነው። በአንድ ቆጣሪና በአንድ ቀጭን ሽቦ ስምንት ክፍል የሚያበራ፣ በየክፍሉ ምድጃ የሚሰካበት ግቢ እሳትን የሚጋብዝ ነው። መስመሩን በባለሙያ ማስቀየር ከማንኛውም ካሳ ይረክሳል።

ተከራዩን እንዴት እንያዘው?

የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ስለ ዱቤ ውል መጻፍና ስለ ምስክር የሚያዝ ነው። ይህን እያወቅን የኪራይ ነገራችንን በቃልና በደላላ ብቻ መጨረሳችን የሚያሳዝን ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ የሚመለከተው አካል በሚያሳውቀው ልክ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጪ ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው። በመሆኑም አከራይ ከከተማው አስተዳደር መጠየቅ ይኖርበታል። አዋጁ ያልደረሰበት ከተማም ቢሆን አላህን የሚፈራ አከራይ የስድስት ወር ኪራይ በአንድ ጊዜ ከአንዲት የአበባ እርሻ ሠራተኛ መጠየቁ ተገቢ መሆኑን ራሱን ይጠይቅ። ያን ያህል ገንዘብ ከየት ታመጣለች? ከወለድ አበዳሪ ዘንድ አይደለምን?

ጥገናን በተመለከተ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ሸሪዓችንም የሚስማሙበት ነገር አለ። ቤቱን ለኑሮ ብቁ አድርጎ ማቆየት የባለቤቱ ግዴታ ነው። ተከራዩ በራሱ ጥፋት የሰበረውን ይጠግናል። የዛገ ቆርቆሮ፣ የሞላ ሽንት ቤት፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ ግን የአከራዩ ዕዳ ነው። «ካልተመቸህ ልቀቅ» የሚለው የተለመደ መልስ ከላይ ያነሳነውን ሥር የሚነቅል ነው።

በአካባቢያችን የውኃ ጉዳይ ለብቻው ሊነሳ ይገባል። በስምጥ ሸለቆ የብዙ ጉድጓዶች ውኃ ፍሎራይድ የበዛበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚያ እጅግ የበለጠ ውኃ ለዓመታት የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፣ ሲበረታም አጥንቱ ይጎዳል። በአዳማ አጠገብ ባለው የወንጂ የስኳር እርሻ ሠራተኞች ላይ የታየው ጉዳት በሕክምና ጥናት የታወቀ ነው። በግቢው ጉድጓድ አስቆፍሮ «ውኃ አለው» እያለ ኪራይ የሚያስጨምር ባለቤት ውኃውን ማስመርመር አለበት። የሸጠውን ዕቃ ነውር የደበቀ ነጋዴ እንደሚጠየቅ፣ ያከራየውን ቤት ነውር የደበቀም እንዲሁ ነው።

በተከራይም በኩል አደራ አለ። ኪራይን በቀኑ መክፈል፣ የሰውን ንብረት እንደ ራስ መጠበቅ፣ ሲለቁም አስቀድሞ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የተቸገረ ተከራይ ሲዘገይ በዕዳው ላይ ጭማሪ መቁጠር ግን ወደ ወለድ መመለስ ነው። ቁርኣን የተቸገረን ባለ ዕዳ እስኪመቸው ድረስ እንድንታገሠው ያዝዛል። አውቆ የሚያጉላላውን ግን በሕግ መጠየቅ ይቻላል።

በስደት ያሉ እህቶችና ወራሾች

ዐረብ አገር በሰው ቤት እየሠሩ ለዓመታት ገንዘብ የሚልኩ እህቶች ብዙ ናቸው። በላኩት ገንዘብ ግቢ ይገዛል፣ ክፍሎች ይሠራሉ። ካርታው ግን በወንድም ወይም በአጎት ስም ይወጣል። ኪራዩ ለቤተሰብ ወጪ ይሆናል፤ ሒሳብ አይጻፍም። እህት ስትመለስ «ቤቱ የቤተሰብ ነው» ትባላለች። ይህ በግልጽ ቋንቋ የሰው ገንዘብ መብላት ነው። ኃላፊነቱን በላቧ የተሸከመችው እርሷ ሆና ጥቅሙን ሌላው ይወስደዋል። መፍትሔው አስቀድሞ በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ውክልና መስጠት፣ ንብረቱን በራሷ ስም ማስመዝገብ፣ የሚያስተዳድርላት ዘመድም ለድካሙ የተቆረጠ ክፍያ እየወሰደ በየወሩ ሒሳብ እንዲያሳውቃት ማድረግ ነው። ዝምድና ውልን አይከለክልም፤ እንዲያውም ዝምድና የሚጠበቀው በውል ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰለው ያልተከፋፈለ ውርስ ነው። አባት ሞቶ አሥር ክፍል ያለው ግቢ ይቀራል። ታላቅ ወንድም ኪራዩን ይሰበስባል። ያገቡት እህቶች «ባል አላችሁ» ተብለው ዓመታት ያልፋሉ። ድርሻቸውን ግን የወሰነው ሱረቱ ኒሳእ ነው። ቤቱ ሳይሸጥ እንኳ የኪራዩ ገቢ ከሟቹ ዕዳና ኑዛዜ በኋላ በየድርሻቸው በየወሩ ሊከፈላቸው ይገባል።

ዘካና ግብር

ከላይ የጠቀስነው የጂዳው የፊቅህ አካዳሚ ስብሰባ ስለ ኪራይ ቤት ዘካም ውሳኔ ሰጥቷል። ዘካ በቤቱ ዋጋ ላይ የለም። ዘካው ያለው በኪራዩ ገቢ ላይ ሲሆን፣ ገንዘቡ በእጅ ከገባ በኋላ ዓመት ሲሞላው 2.5 በመቶ ይወጣል። ኒሷቡም በ85 ግራም ወርቅ የሚገመት ነው። ስለዚህ ለዕለት ኑሮና ለጥገና የዋለው ቀርቶ በተቀመጠው ላይ ይታሰባል። ቤቱን ለመሸጥ የያዘ ነጋዴ ግን ሒሳቡ የንግድ ዕቃ ሒሳብ ነውና ዑለማን ይጠይቅ።

የመንግሥት የኪራይ ገቢ ግብር ደግሞ ከዘካ የተለየ ግዴታ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ግብርን ለማሳነስ በውሉ ላይ ዝቅ ያለ ኪራይ መጻፍ፣ ተከራዩንም እንዲዋሽ ማስገደድ፣ የሐሰት ምስክርነት ነው። በተግባርም ጉዳቱ ለራስ ነው። ክርክር ሲነሳ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ ፈትዋ መስጠት የዑለማ ሥራ ነው። እኛ ለማሳየት የሞከርነው መለኪያውን ነው። ቤት ለመሥራት ሲነሱ፣ ባንክ ሲገቡ፣ ፖሊሲ ሲፈርሙ፣ ተከራይ ሲያነጋግሩ «እኔ እዚህ ላይ የተሸከምኩት ኃላፊነት ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ካገኙ ኪራዩ ይገባዎታል። መልስ ካጡ ግን ሌሎች ለተሸከሙት ሸክም እርስዎ እየተከፈሉ ነው። የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ደክማ የምትተኛው የአበባ እርሻ ሠራተኛ የምትከፍለው ብር በእጃችን ሐላል እንዲሆን አላህ ይርዳን። ወላሁ አዕለም።